ጥቁሩ ሽቦ ሲነቀል

ቤተሰቡ «ፊውዝ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ኤሌክትሮኒክስ ስለምትሠራ እንዳይመስላችሁ። ገና በልጅነቷ፣ የሽቦን ወግ ሳታውቅ፣ ትንሽ ነገር ሲነካት ድው ብላ ትቃጠልና ቤቱን ሁሉ ታጨልመው ስለነበር ነው። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ታላቅየዋ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከእንጨት ማስመሪያዋ ስለማትለይ ተማሪዎቿ «ማስመሪያ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊቷማ ማን ደፍሮ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የተባለው ለእነዚህ ሁለቱ ይመስለኛል።

እህትማማቾቹ ዕድሜ ልካቸውን የተጨቃጨቁት በአንድ ጉዳይ ነው፤ ማን ቀደመ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩን ማን ቀድሞ ነካ፣ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ማን ቀድሞ ያዘ፣ ስልክ ሲጮህ ማን ቀድሞ አነሳ። አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው እንኳ አልተዉትም። እናታቸው ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው «እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩት» ሲባባሉ፣ እናትየው ዓይኗን ገልጣ «ሁለታችሁንም የቀደምኳችሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ዝም በሉና ልተኛበት» ብላ ነው የገላገለቻቸው።

ታዲያ ጉድ በሉ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ለጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ፍጻሜ ደረሱና ማን ቀድሞ እንደተጫነ የሚለይ ማሽን አስፈለጋቸው። ሥሪልን ተብላ የተጠየቀችው ማን ትሆን? ፊውዝ። አንደኛው ትምህርት ቤት ማስመሪያ የምታስተምርበት ነው። ሌላው የፊውዝ ልጅ የምትማርበት ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ተወዳዳሪ ናት። «ይሄ ነገር አያሳማም ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልጠፋም ነበር። ያን ጊዜ ተነስታ «ሥራዋን እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ እመሰክርላታለሁ» ያለችው ራሷ ማስመሪያ ነበረች። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ማሽኑ እንግዲህ የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት። ከግራና ከቀኟ ረጃጅም ገመድ ይወጣል፤ በየገመዱ ጫፍ መዳፍ የሚያህል መጫኛ ቁልፍ አለ። ግራው ከቀደመ ቀይ አምፖል ይበራል፤ ቀኙ ከቀደመ አረንጓዴ። አንዱ ከበራ በኋላ ሌላው ቢለምንም አይበራም። ፊውዝ ሌት ተቀን ሳትል ሠራቻት። የመጨረሻዋን ብየዳ የበየደችው ግን ማሽኑን የሚወስደው የትምህርት ቤት መኪና በሯ ላይ ቆሞ ጡሩምባ እየነፋ፣ ሹፌሩም «ኧረ እትዬ ሰው እየጠበቀ ነው» እያለ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ታውቃለች፤ ተረቱን ማወቅና መኪናውን ማስቆም ግን የተለያዩ ናቸው።

ቅዳሜ ውድድሩ ሆነ። የፊውዝ ልጅ ከቀኗ ቀድማ ስለተወለደች «ጥድፊያ» ነው የምትባለው፤ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። በግራ በኩል የማስመሪያ ተማሪ፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተቀመጠ። ነጥባቸው እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ። ጠያቂው «ከሰውነታችን ክፍሎች ትልቁ» ብለው ሳይጨርሱ ሁለቱም እጆች ወረዱ። አረንጓዴው በራ። ጥድፊያ «ቆዳ» አለች። ዋንጫውን ታቀፈች።

ጭብጨባው ሳይበርድ ማስመሪያ ከሁለተኛው ረድፍ ብድግ አለች።

«የኔ ልጅ ነው የቀደመው» አለች። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ማሽኑ ያየውን ነው የተናገረው፣ እትዬ» አለች ፊውዝ፤ ለጊዜው በትሕትና።

«ማሽኑማ ምን ያድርግ። ማሽኑ የእናት፣ ዋንጫው የልጅ። ለኛ ጭብጨባው ተረፈን።»

አዳራሹ ሳቀ። ፊውዝም ድው አለች። «አንቺ በማስመሪያሽ ያልለካሽው ነገር እውነት አይመስልሽም» አለቻት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ታላቅየዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እሁድ እንደ ወትሮው አልደወለችም፤ ፊውዝም ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስትዞረው ዋለች፤ አልነካችውም።

ሥራዋ ተሰደበ፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ያንገበገባት ግን የሰደበቻት እትዬ መሆኗ ነው። ልጅ ሆና የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ መግጠም ሲያቅታት፣ «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብላ የአባታቸውን ቁጣ የተቀበለችላት እትዬ ናት። ያቺ እትዬ ሌባ ካለቻት ሌላው ሰው ምን ቢል ግድ የላትም። ስለዚህ የማስመሪያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደውለው «ሰኞ ከትምህርት በኋላ ማሽንሽን ይዘሽ ነይ፤ ሁለቱም ወገን ባለበት ይታይ» ሲሏት «እንዲያውም ሆዱን ከፍቼ ነው የማሳያችሁ» አለች።

ሰኞ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ትውልድ በምስማር ስሙን ጽፎባቸዋል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጠዋቱ ትምህርት ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ዝምተኛው ልጅ ጥግ ይዞ ቆመ። ጥድፊያ ዋንጫውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ትወዛወዛለች። ማስመሪያ መጨረሻ ገባች፤ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥታ ለእህቷ አገጯን ብቻ ነቀነቀች። ፊውዝም አገጯን ነቀነቀች። በአገጭ ሰላምታ ግን እኩል ናቸው፤ ማን እንደቀደመ አልታወቀም።

ፊውዝ በካቻቢቴዋ የሳጥኑን ክዳን ፈታች። አረንጓዴው ቦርድ ብቅ አለ፤ መካከሉ ላይ ባለብዙ እግር ጥቁር ቺፕ ተጋድሟል። ከቦርሳዋ ሎጂክ አናላይዘሩን አወጣች። ሎጂክ አናላይዘር ስሙ ያስፈራል እንጂ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ከጎኑ ቀለማቸው የተለያየ ቀጫጭን ሽቦዎች ይንጠለጠሉበታል፤ በየሽቦው ጫፍ አንድ አንድ ፕሮብ አለ። የፕሮቡን ወገብ ሲጫኑት ከአፉ ቀጭን መንጠቆ ይወጣል፤ ሲለቁት የቺፑን እግር ነክሶ ይቀራል።

«ይሄ ምን ሊያደርግልን ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«እያንዳንዱን ሽቦ ያዳምጣል፣ ጌታዬ። እዚህ ላፕቶፑ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ይሥላል። ቁልፉ ሲነካ መስመሩ ይወርዳል። ዓይናችን የማይደርስበትን እሱ ይደርስበታል።»

«ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» አለች ማስመሪያ ለማንም ሳትናገር።

ሥራ ስትይዝ ፊውዝ ሌላ ሴት ናት፤ ቁጣዋ ሁሉ ጣቷ ጫፍ ላይ ይሰበሰብና ልስልስ ይላል። መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋች፤ ሲበራ የሚነካካ ብልጭታ ይገዛል። ነጩን ፕሮብ ከግራ ቁልፍ የሚመጣው መስመር ወደ ቺፑ የሚገባባት እግር ላይ አስነከሰች። ቢጫውን ለቀኙ። ሰማያዊውን ለቀዩ አምፖል፣ ሐምራዊውን ለአረንጓዴው። የቺፑ እግሮች የተጠጋጉ ናቸው፤ አንዱ መንጠቆ ጎረቤቱን ከነካ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ትንፋሿን እየዋጠች፣ እያንዳንዱን ካስነከሰች በኋላ ሽቦውን ቀስ ብላ እየጎተተች፣ መያዙን እያረጋገጠች ሄደች። ማስመሪያ ሳታስበው አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። ልጅ ሆነውም ክር በመርፌ ስታስገባ እንዲህ ነበር የምታያት።

የቀሩት ጥቁሮቹ ናቸው። ጥቁሩ ሽቦ ግራውንድ ነው፤ የቦርዱ ኤሌክትሪክ ሁሉ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት መሬት። ብዙ ጠጋኝ አንድ ጥቁር ይበቃዋል። ፊውዝ ግን «ግራውንድ ያልያዘ ፕሮብ ወሬኛ ነው» የምትል ሰው ናት፤ በዚህ ልማዷ ትኮራበታለች፤ እንዲያውም ትንሽ ትኩራራበታለች። አንዱን ጥቁር የቺፑ የግራውንድ እግር ላይ አስነከሰች። ሁለተኛውን ደግሞ የግራው ገመድ ግራውንድ ቦርዱን የሚነካበት ሩቁ ጥግ ድረስ ስባ ወስዳ እዚያ አስነከሰችው።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አለች ማስመሪያ። ከቅዳሜ ወዲህ የተናገረቻት የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄ ጥሩ ነው» አለች ማስመሪያ። ጥንቃቄን የፈጠረችው እሷ ትመስላለች።

ማሽኑ በራ። አሁን ደግሞ ሁለቱን ቁልፍ እኩል የሚጫን እጅ ጠፋ፤ ሰው አንዱ እጁ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል። ፊውዝ አንገቷን አቀርቅራ «እትዬ፣ ማስመሪያሽን ታበድሪኛለሽ?» አለች። ማስመሪያው የሁለቱ ቁልፎች ድልድይ ሆኖ ተጋደመ፤ ርዕሰ መምህሩ መሃሉን በጣታቸው ተጫኑት። ቀይ። ደግመው ተጫኑ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ቀይ። ቀይ። አረንጓዴ። ስክሪኑ ላይ ነጩና ቢጫው መስመር ተያይዘው ይወርዳሉ፤ በጥቂቱ የቀደመው መስመር አምፖሉ ይበራል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ርዕሰ መምህሩ ጨዋታው ጥሟቸው መጫናቸውን ማቆም አቃታቸው።

«በቃ፣ ለማንም አያዳላም» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ዓይነት ዳኛ ባገኘን።»

ማስመሪያ ስክሪኑን አየች። ማስመሪያዋን አየች። ሒሳብ አዋቂ ናት፤ መልስ ፊቷ ሲቀመጥ ዓይኗን አታዞርም። «ተሳስቻለሁ» አለች። «ፊውዝዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ፊውዝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውርደው «በሉ፣ መምህራን ክፍል ሻይ አለ» አሉ። ሁሉም ተከተሏቸው። ፊውዝ «ዕቃዬን ሰብስቤ መጣሁ» ብላ ከልጇ ጋር ቀረች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ያለ ቀን ነበር።

ፊውዝ እያፏጨች ፕሮቦቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ጥቁሮቹንም ነቅላ ሽቦዎቹን ጠቀለለች። ጥድፊያ መቼም እጇ አያርፍም፤ የአክስቷን ማስመሪያ በቁልፎቹ ላይ አጋድማ ተጫነች። አረንጓዴ። ሳቀችና ደገመች። አረንጓዴ። «እማዬ፣ ይወደኛል» አለች። ደገመች። አረንጓዴ። ፊውዝ ማፏጨቷን አቆመች።

«እስቲ ድገሚው።»

አረንጓዴ። አረንጓዴ። አረንጓዴ።

ፊውዝ የጠቀለለችውን ፈታች። ባለቀለሞቹን ትታ ሁለቱን ጥቁሮች ብቻ፣ አንዱን ቺፑ ላይ፣ አንዱን ሩቁ ጥግ ላይ አስነከሰች። «ተጫኚ» አለቻት። ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ። የጥጉን ጥቁር ነቀለች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

የስልኳን መብራት አብርታ ጥጉ ላይ አጎነበሰች። የግራው ገመድ ግራውንድ የተበየደበት ቦታ ሊዱ፣ የብየዳው እርሳስ፣ ፈዟል፤ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ጡሩምባው ሲነፋ የበየደቻት ናት። ኤሌክትሪኩ በዚያች ስንጥቅ ሲያልፍ ወንዝ በድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ እንደሚሻገር ሰው ይዘገያል፤ ግራው ሁልጊዜ ለጥቂት ይቀደማል። ጥቁሮቹ ሽቦዎች ደግሞ አናላይዘሩ ሆድ ውስጥ የተገናኙ ናቸው። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ አንዱን እዚያ ስታስነክስ ድልድይ ሠርታለት ነበር። በሽተኛውን ልትመረምር መጥታ፣ ስትመረምረው ፈውሳው፣ «ጤነኛ ነህ» ብላ ሸኝታዋለች። ያውም በምትኮራበት ጥንቃቄ።

ጥድፊያ ልጅ ብትሆንም የእናቷ ልጅ ናት። ጥቁሩን ሽቦ አየች፣ አምፖሉን አየች፣ የእናቷን ፊት አየች። ዋንጫውን ከጠረጴዛው አንስታ ታቀፈችው።

«እማዬ፣ አትናገሪ።»

«ቆይ እስቲ ላስብ።»

«አክስቴ እኮ ይቅርታ ብላለች። ሁሉም አምነዋል። ቤት ወስደሽ ጠግኚው፤ ማን ያውቃል?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ምናልባት እውነትም ቀድሜው ይሆናል። ይሆናል አይደል?»

ይሆናልም፣ አይሆንምም። ቅዳሜ ጥቁሩ ሽቦ አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊውዝ ለትንሽ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። ልጇ እንዲህ ለአንድ ነገር ስትሰስት አይታ አታውቅም። እትዬን ደግሞ ከሁለት ቀን ኩርፊያ በኋላ ገና አሁን ነው ያገኘቻት፤ «ተሳስቻለሁ» ያለችውን ሴት መልሳ «አልተሳሳትሽም» ልትላት ነው። አናላይዘሩን ወደ ቦርሳው አስገባች።

በሩ ተከፈተና ማስመሪያ ብርጭቆ ሻይ ይዛ ገባች። ስኳሩን ራሷ አማስላዋለች፤ እህቷ ስኳሩ ሥር ከቀረ እንደማትጠጣ ታውቃለች።

«ቀዘቀዘብሽ ብዬ ነው» አለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ አልሄደችም። «ያ ልጅ ጠፍቶኝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ‹ቅዳሜ እጄ ቁልፉን ሲነካ የሷ እጅ ገና አየር ላይ ነበር› ይለኝ ነበር። አሁን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ከዛሬ ጀምሮ ያየሁትን አላምንም።› እኔም ‹አዎ፣ ዓይን ይሳሳታል፤ ማሽን አይሳሳትም› አልኩት። ምን ልበለው?»

ፊውዝ ሻዩን አየችው። ልጇን አየቻት። ጥድፊያ አንገቷን ወዲህና ወዲያ አወዛወዘች፤ ጨርሶ አትናገሪ ነው።

«እትዬ፣ ማስመሪያውን ያዢና ተጫኚ» አለች ፊውዝ።

ማስመሪያ ተጫነች። አረንጓዴ። ፊውዝ «ድገሚ» አለች። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ከዚያ ከቦርሳዋ ጥቁሮቹን መልሳ አውጥታ አስነከሰቻቸው። ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ። ሒሳብ አዋቂ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ቢሆንም ፊውዝ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስንጥቁን፣ ጡሩምባውን፣ ድልድዩን። «ብየዳው የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አለች። «ልጄን ግን ሌባ አትበያት። እሷ የተጫነችው የሰጠኋትን ቁልፍ ነው።»

ጥድፊያ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ ቷ አድርጋ አስቀመጠችው። «አንቺ እናት ነሽ ወይስ ዳኛ?» አለች እያለቀሰች። ፊውዝ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ትከሻዋን ነፈገቻት። ይሄ ከቅዳሜው ስድብ ይበልጥ አመማት።

ርዕሰ መምህሩ ከሻያቸው ተጠሩ። ነገሩን ሰምተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው፣ ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አመላለሱት። «ጥቁሩ ሽቦ እስካለ ድረስ ማሽኑ ትክክል ነው፣ አይደለም?» አሉ። ነው ተባሉ። «እንግዲያው ይኑር። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አሁኑኑ።» ዝምተኛው ልጅ ከደረጃው መጣ። ጥድፊያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀኝ ቁልፍ ጋ ተቀመጠች። ፊውዝ ፕሮቦቹን በሙሉ መልሳ ስታስነክስ ነጩን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ላፕቶፑን ሁሉም እንዲያይ ወደ ክፍሉ አዞረችው።

«ድምፅ ከአየርና ከውሃ በየትኛው ውስጥ ፈጥኖ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ አልጨረሱም።

ሁለት እጅ ወረደ። ቀይ በራ።

«በውሃ» አለ ዝምተኛው ልጅ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ማስመሪያ በደስታ ትዘላለች ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሷ ግን ወንበሯን ገፍታ ቀጥታ ወደ ላፕቶፑ መጣች። «ቆይ ቆይ» አለች። «አጉዪው እስቲ። ሰፋ አድርጊው። ልጅቷ ቀድማ የነካች ነው የመሰለኝ።»

ፊውዝ አጎላችው። ነጩ ቀድሞ ወርዷል፤ ቢጫው ተከትሎታል። መሃላቸው ያለው ክፍተት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ክፍተት ነው። «ግራው ነው የቀደመው፣ እትዬ» አለች። በገዛ ልጇ ላይ ፈረደች።

«ጥቁሩ ሽቦ ላልቶ እንዳይሆን። ነካ ነካ አድርጊው።»

«አልላላም።»

«በዓይኔ በብረቱ አየሁ እኮ።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁ። ዝምተኛው ልጅ ሳቀ። ጥድፊያም እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ተይ አክስቴ፣ ቀድሞኛል» አለች። «እኔም አይቼዋለሁ።» ተነስታ ዋንጫውን ለልጁ ሰጠችው፤ መስጠት ቢባልም ወርወር ነበር ያደረገችው። ልጁ ተቀብሎ «በሚመጣው ዓመት ግራው ያንቺ ይሁን» አላት። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ረጅም ንግግር የሰማ የለም።

ሰው ሲበተን ሦስቱ ቀሩ። ፊውዝ የብየዳ ብረቷን ሰክታ እስኪግል ጠበቀች። ማስመሪያ የስልኳን መብራት ይዛላት አጎነበሰች። የፈዘዘው ሊድ ቀለጠ፣ አንጸባረቀ፣ ስንጥቁን ዋጠው። ፊውዝ እስኪቀዘቅዝ ሳትነካው ቆየች፤ በሩ ላይ መኪና የለም።

«እማዬ፣ ቅዳሜስ ማን ነበር የቀደመው?» አለች ጥድፊያ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ።

«አይታወቅም፣ የኔ ልጅ። ያን ቀን የያዘው የለም።»

«አክስቴ አይታለች እኮ።»

ማስመሪያ መብራቱን ከቦርዱ ላይ አነሳች።

«አላየሁም» አለች። «ጨፍኜ ነበር።»

«ምን አልሽ?» አለች ፊውዝ።

«በአንድ በኩል ተማሪዬ፣ በአንድ በኩል የእህቴ ልጅ። ማን ይቅደምልኝ ብዬ እንደምመኝ ጠፋኝ፤ ጨነቀኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አረንጓዴው በርቷል። ተማሪዬ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።»

«በዓይኔ በብረቱ ያልሽውስ?»

«ብረቱ ነበር» አለች ማስመሪያ። «ዓይኑ ነው የጎደለው።»

ጥድፊያ ከእናቷ ራቅ አለች፤ ድው የሚለውን ታውቀዋለች። ፊውዝ እህቷን ትክ ብላ አየቻት። አንድ ቀን ሙሉ ስልክ ስትዞር የዋለችው፣ የሳጥኗን ሆድ ከፍታ ያሳየችው፣ ልጇን ያስለቀሰችው፣ ሁሉም ላልታየ ነገር ነው። ደግሞም ያላየችው ሴት ስለ ማሽኑ እውነቱን ነው የተናገረችው። ፊውዝ ልትቃጠል ነበር የከፈተችው አፏን፤ የወጣው ሳቅ ሆነ። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፤ ማስመሪያም ተከተለቻት። ሁለቱም ሲስቁ እንደ እናታቸው ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«አሁን ጥቁሩን ልንቀለው?» አለች ጥድፊያ ሳቃቸው ሲሰለቻት።

«ንቀዪው።»

መንጠቆውን ራሷ አላቀቀች። ማስመሪያውን አጋድማ ተጫነች። ቀይ። ተጫነች። አረንጓዴ። ተጫነች። ቀይ። እጇን ወደ እናቷ ጀርባ ሰደደችና ትንሽ ተደገፈቻት፤ ፊውዝ እንዳትሸሽ ብላ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

ክዳኑን አስረው፣ ዕቃውን ሸክፈው ሲወጡ ሁለቱ እህትማማቾች በሩ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ እጀታው ሰድደው ሁለቱም መለሱ።

«ቅደሚ» አለች ፊውዝ።

«አንቺ ቅደሚ፤ ዕቃ ይዘሻል።»

«ታላቄ ነሽ፤ አንቺ ነሽ የምትቀድሚው።»

«እምቢ ካልኩ እምቢ ነው።»

ጥድፊያ በመሃላቸው ሾልካ በሩን ከፍታ ወጣች። «ሁለታችሁንም ቀደምኳችሁ» አለች ወደ ኋላ ሳትዞር።

«ማን አየሽ?» አለች አክስቷ።

«እኔ አይቻታለሁ» አለች ፊውዝ። «ዓይኔን ሳልጨፍን።»